ከዳናንግ ወደ ሁዌ፤ ሽማግሌ የተላለፈበት የባሕር መንገድ

ከቬትናም ከተመለስኩ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «እባብ በላህ ወይ?» እያለ ይስቅብኛል። አልበላሁም፤ ፍልሰታ ነበር። የሄድኩትም ለመብላት አልነበረም። ነገሩን በየበሩ ከመተረክ አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ትምህርት ቤት የሄድኩት ጥቂት ነው፤ የቀረውን የሞላሁት ቫኔን ፓርክ አድርጌ መንገደኛ ስጠብቅ በማንበብ ነው። ስለዚህ ቃል ቢጎድል ሙሉልኝ።

ልጄ ሕሊና እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ተወልዳ ያደገች ናት። ኮሌጅ ስትጨርስ ዳናንግ በምትባል የቬትናም የባሕር ዳር ከተማ እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ሄደች። አንድ ዓመት ነው ያለችው ሁለት አለፈ። በጸደይ ወራት ደወለችና «ዳድ፣ አንድ ሰው አለ» አለችኝ። ሚን ይባላል፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ወላጆቹ ሁዌ በምትባል ከተማ ይኖራሉ። ልታገባው ትፈልጋለች። «ያንተ ምርቃት ከሌለበት አላደርገውም፤ ግን መጥተህ እያቸው» አለች።

እውነቱን ልናገር። ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት እምቢ ለማለት ነው። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው፣ የልጅ ልጆቼን በስልክ መስታወት ብቻ ላያቸው ነው። ባለቤቴ አስቴር አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፤ ፈቃድ አላገኘችም። ሰው ኤርፖርት ሳደርስ የኖርኩትን ሰውዬ እሷ ኤርፖርት አደረሰችኝና ሻንጣዬን ስታወርድ «አይተህ እምቢ በል። ሳታይ ግን እምቢ አትበል» አለችኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ

ከዴንቨር ቶክዮ፣ ከቶክዮ ዳናንግ ነው መንገዱ። በመኻል አንድ ቀን ከእጄ ጠፋ፤ ማክሰኞ ተነስቼ ረቡዕ ስደርስ ረቡዕ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። በአውሮፕላኑ የጾም ምግብ ብዬ ያዘዝኩት ሳይጫን ቀርቶ ዶሮ አመጡልኝ። ዶሮውን ስመልስ አጠገቤ የተቀመጡት ጃፓናዊት አሮጊት አዩኝ። ቋንቋ አንግባባም፤ ዳቧቸውንና የተላጠ ብርቱካናቸውን በናፕኪን አድርገው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ። የሰጡትን ሰው ዓይን አለማየት እንዴት ያለ ጨዋነት ነው! እኛ ሰጥተን እስኪመሰገን ድረስ እናፈጥበታለን።

ዳናንግ ስወርድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጠመጠመብኝ። የዴንቨር ሙቀት ደረቅ ነው፤ ጥላ ውስጥ ከገባህ ይተውሃል። ይኼኛው አብሮህ ጥላ ውስጥ ይገባል። ሕሊና በር ላይ ቆማለች፤ ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ታምራለች። በእጇ ሁለት ሄልሜት ይዛለች።

«አንዱ የማን ነው?» አልኳት።

«ያንተ ነዋ።»

«ታክሲ ጥሪ» አልኩ።

ሐሙስ

ያረፍኩት ወይዘሮ ላን የሚባሉ ባልቴት በሚያከራዩት ቤት ነው። ከሕሊና ትምህርት ቤት አይርቅም። ሴትዮዋ ጥብቅ ናቸው፤ ጫማ በር ላይ፣ ድምፅ ዝቅ፣ ሳህን ባዶ። ወዲያው ወደድኳቸው።

ምግቡ መጀመሪያ አስጨንቆኝ ነበር፤ በዚያ አገር የዓሣ ስጎ የማይገባበት ወጥ የለም፣ ፍልሰታን ደግሞ ዓሣ አልነካም። ኋላ ግን እነሱም ሥጋና ዓሣ የማይበሉበት ቀን እንዳላቸው ሰማሁ፤ ጨረቃ ስትሞላ ብዙ ሰው ይጾማል። ለዚያ የሚሠራ ምግብ በየመንገዱ አለ፣ ለብቻው ስምም አለው። ወይዘሮ ላን ሕሊና ስታስረዳቸው ጥቂት አሰቡና ከዚያ በኋላ ለእኔ የሚሠሩበትን ድስት ለዩ። ለኔ ብቻ! ኦሮራ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያሉት የራሳችን ምግብ ቤቶች እንኳ ጭልፋውን ሁልጊዜ አይለዩልንም፤ ይህን ስጽፍ ማንም አይቀየመኝ።

ከሰዓት በኋላ ሕሊና ለመነችኝና ሞተሯ ላይ ወጣሁ፤ ባሕሩን ዳር ይዘን ቀስ ብለን ለመሄድ ብቻ። መሄዱ ደህና ነበር። ጥፋቱ መውረዱ ላይ ነው። መንገደኛ ከቫኔ እንደማወርድበት በቀኝ በኩል ወረድኩና ባቴን የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ አሳረፍኩት። ጮኽኩ። በመንገዱ ያለ ሰው ሁሉ «ኦ!» አለ፤ ለካስ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የሚቃጠልበት ቦታ ነው። ወይዘሮ ላን እግሬን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ከበረንዳቸው እሬት ቆረጡና እየተቆጡ ቀቡልኝ።

«ምን እያሉ ነው?» አልኳት ሕሊናን።

«እንደ አንተ ነው የሚያወሩት» አለችና ሳቀች። «‹ያላወቁትን ነገር ሳይጠይቁ ይነካሉ ወይ?› ነው የሚሉት።»

ዓርብ

ሁዌ የምንሄድበትን ማጓጓዣ የመረጥነው በዚህ ቀን ነው። ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማልና ዘርዘር ላድርገው። ከዳናንግ እስከ ሁዌ ያለው ርቀት ከኦሮራ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያህል ነው። በመኻሉ ግን ሃይ ቫን የሚባል ተራራ ከምድር ተነስቶ ባሕር ውስጥ ገብቷል። አውቶብሱ በዋሻ ውስጡን ያልፋል። መኪናና ሞተር ከፈለጉ በአናቱ ይወጣሉ። ባቡሩ ደግሞ ተራራውን በባሕሩ በኩል ይዞረዋል።

«አውቶብሱ ይፈጥናል» አለች ሕሊና፣ «ግን ተነል ነው፤ ምንም አታይም።»

«ተነልማ የኮሎራዶው አይዘንሃወር አለልኝ፤ በየሳምንቱ ነው የማልፈው።»

«ሞተርስ? ቪው ማለት እሱ ነው።»

ባቴን አሳየኋት።

እዚህ ላይ ሳለን ሚን መጣ። ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ቀጭን ነው፣ መነጽር አለው፤ ሁለት እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ፣ ቀጥሎም ለቃጠሎዬ የሚቀባ ቅባት ከኪሱ አወጣ። ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም። በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን እየመረጠ፣ ዛሬ ወደ ወላጆቹ እንደሚሄድና ነገ በአጎቱ መኪና መጥቶ በተራራው አናት እንደሚወስደን ነገረኝ። አመሰገንኩትና «በባቡር እንመጣለን» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ሄደ።

ሕሊና በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«ዋይ? መኪና እየመጣልህ?»

«በኛ ወግ ሴት ልጅ በወንዱ ወገን መኪና የምትሄደው ቃል ከተሰጠ በኋላ ነው። ነገ መኪናው ውስጥ ከገባሁ ከዚያ ወዲያ ምን አፍ አለኝ? ይኸውም ሳያንስ የሴት አባት ሻንጣ ይዞ የወንድ ቤት በር ሊያንኳኳ ነው። ሽማግሌ የሚልክ ማን ነው፣ የሚላክበት ማን ነው?»

«አባቱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል ዳድ። ትልቅ ሰው ናቸው።»

«እኔም ትልቅ ሰው ነኝ።»

ቀጥላ «እምቢ ልትል ነው አይደል የመጣኸው?» አለችኝ፤ በአማርኛ፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል።

«አይቼ ነው የምናገረው» አልኳት። የእናቷ ቃል አዳነኝ።

ለቅዳሜ ቀትር ባቡር ቲኬት ቆረጥን።

ቅዳሜ

የኤርፖርት ሹፌር በሰዓቱ መድረስ ማለት ቀድሞ መድረስ ነው ብሎ የሚያምን ፍጥረት ነው። ጠዋት ስነሳ ቀትርን መጠበቅ ጭንቅ ሆነብኝ። «ባሕር የሚያምረው ጠዋት ነው» ብዬ ሕሊናን አጣደፍኳት። ወይዘሮ ላን በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱላት። ጣቢያው ቲኬቱን ያለ ችግር ቀየረልን፤ ሕሊናም ቀድመን እንደምንመጣ ለሚን በስልኳ ጻፈችለት።

ወደ ሁዌ የምትሄዱ ከሆነ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ለእኛ የደረሰን ግራው ነበር። አንገቴን ሳሰግግ ያዩኝ አንዲት ቅርጫት የያዙ ሴት እጅጌዬን ስበው የራሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና እኔ በነበርኩበት ተቀምጠው እንቅልፋቸውን ተኙ። ባሕሩን በየሳምንቱ ያዩታል መሰለኝ፤ እኔ አይዘንሃወርን እንደማየው።

ከተማው ሲያልቅ ባቡሩ መውጣት ጀመረ። በኮሎራዶ ተራራ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ግን ዓይኔ ከአስፋልቱ ተነስቶ አያውቅም፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ናቸው «ዋው!» የሚሉት። እዚህ ሌላ ሰው ነው የሚነዳው። በየኩርባው ቀኝ እግሬ ፍሬን እየፈለገ ወለሉን ይረግጣል፣ ዓይኔ ግን ነጻ ነው። ከመስኮቱ ሥር መሬት የለም፤ ዛፍ አለ፣ ከዛፉ ሥር ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ባሕር። ሐዲዱ ሲታጠፍ የራሳችንን ባቡር ራስ ከፊት እናየዋለን። መንገድ የማይደርስባቸው፣ የሰው ዱካ የሌለባቸው ትንንሽ የአሸዋ ዳርቻዎች አሉ። እግዚአብሔር ይህን ያህል ውበት ማንም በማያየው ቦታ ያስቀመጠው ለምን ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ እኛ ሰው ካላየልን ሳሎናችንን አናጸዳም።

ሕሊና የተቀቀለ በቆሎ ገዛችልኝ። ራስዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ባሕሩን እያየች እንዲህ አለች፦

«ዳድ፣ እምቢ ካልክ አልጣላህም። ኮንትራቴን ጨርሼ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ግን ምክንያትህን ንገረኝ። ‹ሩቅ ነው› አትበለኝ። አንተ ስትመጣ ሩቅ አልነበረም?»

እኔ አሜሪካ ስመጣ አባቴ ይህን አልጠየቁኝም፤ ጠይቀውኝ ቢሆንም መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ዋሻ ውስጥ ገባን፤ ጨለመ። ዋሻው አልቆ ሌላ ዋሻ መጣ።

ከመጨረሻው ስንወጣ የሕሊና ስልክ ጮኸ። ሚን ነው። አዳመጠች፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ዳድ... እነሱ ዳናንግ ናቸው።»

«እነማን?»

«አባቱና እናቱ። የወይዘሮ ላን በር ላይ። አባቱ ‹የሴት አባት ወደ እኛ ቤት ራሱ እንዲመጣ ማድረግ ነውር ነው፤ በደንቡ እኛ ነን የምንሄደው› ብለው ማልደው አስነስተውታል። እንዳይነግረንም ከልክለውታል፣ ይግደረደራሉ ብለው። መልእክቴን አላየውም፤ እየነዳ ነበር።»

እየነዳ ስልክ የማያይ ወጣት መሆኑን፣ እንደ ሹፌር፣ በልቤ መዘገብኩለት። ግን ያ ቆይቶ ነው። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ውርደት ነው። ወግ እያልኩ ስንት ሰበክኩ! ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ወግ ጠብቀው ደጄ ድረስ መጡ፤ በሩ ተዘግቶ አገኙት። በአገራችን ከዚህ የከፋ የለም። በነሱም አገር ወጉ ያው ከሆነ፣ ሁለታችንም አንድ ወግ ስናከብር በተራራው ሁለት ወገን ተላልፈናል ማለት ነው፤ እኔ በባሕሩ፣ እነሱ በዋሻው።

«የሚቀጥለው ጣቢያ ማን ነው?» አልኩ።

«ላንግ ኮ።»

«ተነሽ። እዚያ እንወርዳለን። ይመለሱ፤ ከሁዌም ከዳናንግም እኩል እንገናኝ በያቸው።» እኩል አይደለም፤ ላንግ ኮ ለዳናንግ ይቀርባል። ግን እንዲያ አልኩ።

ባቡሩ ብዙ አይቆምም። ወንበራቸውን የሰጡኝ ሴት ነቅተው፣ ምን እንደሆንን ሳያውቁ፣ ሻንጣዬን በአንድ እጀታ ይዘው እስከ በሩ አብረውኝ ሮጡ። ከጣቢያው እስከ ትልቁ መንገድ የተገኘው ማጓጓዣ ሁለት ሞተር ነው። ወጣሁ። በግራ በኩል ወረድኩ።

ላንግ ኮ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት፤ በአንድ ወገን ባሕር፣ በሌላው ወገን ከባሕሩ የተያያዘ ሰፊ ሐይቅ። ምግብ ቤቶቹ ሐይቁ ውስጥ በእንጨት ምሰሶ ላይ ቆመዋል፤ ከመንገዱ በረዥም የእንጨት ድልድይ ይገባባቸዋል። አንዱ ጋ ገባን። ባለቤቲቱን ልብስ የምቀይርበት ቦታ ጠየቅኋት፤ መረብና ባልዲ የተከመረበት ጓዳ አሳየችኝ። ሱፌን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ በዚያ ሙቀት እንደ ሻማ እየቀለጥኩ ወጣሁ። ሕሊና ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል መኪናው ደረሰ።

ከመኪናው የወረዱት የሚን አባት አቶ ታን እሳቸውም በሱፍና በከረባት ነበሩ። አየሁዋቸው፤ አዩኝ። ሁለታችንም ላብ በላብ ነን። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሆዋ ረዥሙን የወግ ቀሚሳቸውን ለብሰው ቀይ የእንጨት ሣጥን ታቅፈዋል። አቶ ታን ዱላ ተደግፈው ድልድዩን ቀስ ብለው አቋረጡና ገና ሳይቀመጡ ተናገሩ። ሚን ተረጎመ።

«‹ደጅዎ ሄደን አጣንዎት፤ ይቅርታ፣ ዘገየን› ይላሉ።»

«እኔ ነኝ የቸኮልኩት» አልኩ። «በላቸው፦ በኛም አገር የሚመጣው የወንድ ወገን ነው።»

ሲተረጎምላቸው ባለቤታቸውን ዞር ብለው ‹አላልኩሽም?› በሚል ዓይነት አዩዋቸው።

ምግብ መጣ። ሕሊና ስለ ጾሜ ልታስረዳ ስትጀምር ወይዘሮ ሆዋ አቋረጧት፤ ቀኑ ጨረቃ የምትሞላበት ስለሆነ እሳቸውም የሚበሉት ቶፉና ቅጠላ ቅጠል ነው። በዚያ ምግብ ቤት ዓሣው ከወለሉ ሥር እየዋኘ እሳቸውና እኔ ከሕሊና ጋር ጎመን መሰል ነገር ተሻማን። እኔም ዕድሉን ይዤ ልቤን የሚበላውን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ ትጾማለች፣ ትጸልያለች። ይከለክሏታል?»

ወይዘሮ ሆዋ ጥያቄው ገርሟቸው «የማትጸልይ ብትሆን ነበር የምሰጋው» አሉ።

ከዚያ አቶ ታን ሣጥኑን ከፈቱ። በቅጠል የተጠቀለለ ፍሬና ሻይ አለበት፤ ሴት ልጅ ስትጠየቅ የሚቀርብ ነው። ሕሊናን ለልጃቸው ጠየቁኝ።

ሁሉም እኔን አየ። እምቢ ልል የመጣሁበት ቃል ጉሮሮዬ ውስጥ የለም። እሺ የሚለውም አልመጣም። የልጄን የሕፃንነት ፊት አሰብኩ፤ ያንን ሁሉ ባሕር አሰብኩ፤ ፈራሁ። የፈራ ሰው የሚይዘው ወግን ነው።

«በኛ አገር» አልኩ፣ «ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አያገኝም። ‹እንመክራለን፣ ተመለሱ› ይባላል።»

«ዳድ፣ ሲሪየስሊ?» አለች ሕሊና። ዓይኗ ሞላ። ሆኖም በእንግሊዝኛ ለሚን ነገረችው፤ ሚንም አንገቱን ደፍቶ ለአባቱ።

አቶ ታን አሰቡ። «ስንት ጊዜ ነው የሚመለሱት?»

«ሁለትም ሦስትም።»

ሻያቸውን ጨለጡ። ሣጥኑን ዘጉ፣ ዱላቸውን አነሱ፣ ባልና ሚስት እጅ ነስተውን ወጡ። በቃ ተቀየሙ አልኩ። ሕሊና ተነሳች። እኔም ምላሴን ረገምኩ። ድልድዩን ዘልቀው መኪናው ጋ ደረሱ፤ አቶ ታን የመኪናውን ጣራ በእጃቸው ነኩት። ዞሩ። ያንን ሁሉ ድልድይ እያነከሱ ተመልሰው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ፤ ሣጥኑን ከፍተው ልክ የመጀመሪያውን ንግግር ደገሙት።

ባለቤቲቱም፣ ሌሎቹ ተመጋቢዎችም መብላት አቁመዋል። እኔም ግትር ነኝና፣ ደግሞም ልቤ እየሳቀ፣ «ተመለሱ» አልኩ።

ዱላቸውን አነሱ። ወይዘሮ ሆዋ በዚህኛው ጊዜ ክንዳቸውን ያዙላቸው። የርቀቱን ነገር ማንም አልመለሰልኝም፤ ዛሬም አልተመለሰልኝም። ግን ለልጁ ሲል በታመመ ጉልበት ለወግ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ቤት ልጄን አይጥልም። መኪናው ጋ ደርሰው ሲዞሩ መቀመጥ አቃተኝ። ተነስቼ ሄድኩና ድልድዩ መኻል ላይ አገኘኋቸው።

አቶ ታን ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ አንድ ነገር ጠየቁ። ሚን ከኋላቸው ሮጦ ደርሶ ተረጎመ፦ «‹ይበቃል ወይስ እንደገና ልሂድ?› ይላሉ።»

«ይበቃል» አልኩ፤ በአማርኛ። ማንም አልተረጎመላቸውም። ሣጥኑን በሁለት እጃቸው አስጨበጡኝ።